የገናና የጥምቀት ታሪክ ከብራናው፣ ከማይክሮፊልሙና ከድሮ ጋዜጦች፦ እናንተስ ምን አገኛችሁ?

ወለተ ሐና (ሚኒሶታ)

ሰላም ለሁላችሁም። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ስለ ገና የምንሰማው ያው የተለመደው ነው፦ እረኞቹ ደስ ብሏቸው ሩር መቱ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»፣ ንጉሥ ላሊበላም በዚሁ ዕለት ተወለደ። ደግ ነው። ልጆቼ ግን «ይህን ማን ጻፈው? የት ይገኛል?» እያሉ ይጠይቁኛል። «ሲባል የሰማሁት ነው» የሚለው መልስ እነሱንም እኔንም አላጠገበንም። ዘንድሮ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለሚደረገው የገና ዝግጅት አንድ ግድግዳ ለጥንት ጽሑፎች እንዲሰጠኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ይህን ክር የከፈትኩት ለዚሁ ነው።

ብዙዎቻችን የማናውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት ባቋቋሙት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሂል የተባለ የብራና መጻሕፍት ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት አለ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቁጥራቸው ወደ 9,000 ይጠጋል። አብዛኛውን የካታሎግ ሥራ የሠሩት ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ ነው እዚህ ተሰደው መጥተው ያን ሁሉ ገጽ ያነበቡት። እያንዳንዱን ጽሑፍ መርምረው ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ተጻፈ፣ በኅዳጉ ምን እንደ ሰፈረ መዝግበው አልፈዋል። ዛሬ ማናችንም ስማችንን በነጻ አስመዝግበን ከቤታችን ሆነን በኢንተርኔት ልናየው እንችላለን።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ «መጽሐፈ ሚላድ» ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ድርሰት ነው። የጌታ ልደት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየወሩ በ29 እንዲታሰብ የሚያዝዝ፣ ለዚያም ከመጻሕፍት ማስረጃ እየጠቀሰ የሚከራከር መጽሐፍ ነው። እናቴ በየወሩ በ29 «ዛሬ በዓለ ወልድ ነው» ብላ ከሥራ የምትከለክለን ከዚህ የመጣ መሆኑን ሳውቅ ደነገጥኩ፤ ደስታው ግን በለጠ። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የቤተ መንግሥት ትእዛዝ እናቴ ወጥ ቤት ድረስ ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው ያገኘሁት የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ምስክርነት ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን ነበር፤ መጽሐፉ በሊዝበን በ1540 ታተመ። በ1521 የጥምቀትን በዓል በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር አይቷል። መሬት ተቆፍሮ በሳንቃ የተገነባ፣ በሰም በተነከረ የጥጥ ጨርቅ የተለበጠ ገንዳ፤ ውኃው በቦይ መጥቶ እንዲጠራ በጨርቅ ተጣርቶ ይገባል። ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ እየዘመሩ ገንዳውን ሲባርኩ አደሩ። ንጉሡ በሰማያዊ ሐር መጋረጃ ውስጥ ተቀምጠው በስንጥቁ ይመለከታሉ። በገንዳው ውስጥ ንጉሡን ያስተማሩ አረጋዊ ቄስ ራቁታቸውን እስከ ትከሻቸው በውኃ ውስጥ ቆመው፣ የመጣውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ያጠልቃሉ። ውርጩ ብርቱ ስለ ነበር ሽማግሌው በብርድ ደርቀው ነበር ይላል። የደጋ የጥር ሌሊት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እናንተስ? የትኛውን ብራና፣ የትኛውን ጋዜጣ፣ የትኛውን ፎቶግራፍ አይታችኋል? በተለይ ግእዝ የምታነቡ እርዱኝ።

መሪጌታ ዘጎንደር

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የጀመርሽው ሥራ መልካም ነው። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ስለ ገና ስትፈልጊ «ገና» በሚለው ስም ብቻ አትፈልጊ። በብራና «ልደት» ወይም «ልደተ እግዚእነ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ስንክሳሩን፣ የየዕለቱን በዓልና የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ፣ በታኅሣሥ 29 ክፈቺ፤ ቀጥሎ ድጓውን፣ የዜማውን መጽሐፍ። ድጓው ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ስብከት፣ ከ14 ብርሃን፣ ከ21 ኖላዊ እያለ እስከ ዋዜማው ድረስ ሦስቱን ሳምንት በየመልኩ ያደርስሻል። ገና የአንድ ቀን በዓል አይደለም፤ ወሩ ሙሉ ዝግጅት ነው። ይህን በግድግዳሽ ላይ በግልጽ ጻፊው፤ የዛሬ ወጣት ከዋዜማው በፊት ያለውን አያውቀውም።

ሌላው፣ ብራናን ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን መልኩንም ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ ባገለገልኩበት ደብር ያለው ስንክሳር የታኅሣሥ 29ና የጥር 11 ቅጠሎቹ ከሌሎቹ ይለያሉ። ገጹ የሚገለበጥበት ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሯል፤ ከጽሑፉ ግርጌ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል። ማንበቢያው ሌሊት ነውና ጧፉ ከገጹ ጋር ተጠግቶ ይያዛል። ከጧፉ የነጠበው ሰም የስንት ትውልድ ካህን እዚያ ገጽ ላይ እንደ ቆመ ይመሰክራል። በማይክሮፊልም ግን ይህ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆኖ ነው የሚታየው። ደግሞም በፊልሙ ቀይ ቀለም ስለሚደበዝዝ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም የተጻፈበት ቦታ ባዶ ሊመስልሽ ይችላል። አይደለም፤ ጽሑፍ አለበት፤ አጉልተሽ ተመልከቺው።

በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን ባዶ ቅጠሎችም አትለፊያቸው። ማን ምን ለቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጠ፣ ለበዓሉ ዝክር ማን እንደሚያዘጋጅ እዚያ ይጻፋል። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1280 ወይም 81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው፤ በዚያ ፊልም ክምችት 1832 ቁጥር ተሰጥቶታል። በእርሱ ውስጥ የገዳሙ የመጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። የገዳሙን ሀብት ዛሬ የምናውቀው ከእንደዚህ ዓይነት ማስታወሻ ነው።

ዳዊት ዘፍራንክፈርት

መልካም ክር ነው፤ ነገር ግን አልቫሬዝን እንዲህ ሳንጠይቅ መቀበላችን አሳስቦኛል። ሰውዬው ያየውን ጽፏል፤ የተረዳው ግን በራሱ ሃይማኖት ሚዛን ነው። የእኛን በዓል ሰዎች በየዓመቱ ዳግም የሚጠመቁበት አድርጎ ነው ያቀረበው። ከእርሱ በኋላ የመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያንም፣ ይህንኑ ይዘው በየዘመኑ ሲከሱን ኖሩ። ልጆቻችን በግድግዳ ላይ «የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች በየዓመቱ ይጠመቁ ነበር» የሚል ቢያነቡ ምን ይላሉ?

ወለተ ሐና (ሚኒሶታ)

ወንድሜ ዳዊት፣ ስጋትህ እውነት ነው፤ ግን ምንጩን ከመጣል ይልቅ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ። አልቫሬዝ ራሱ ከንጉሡ ጋር የተነጋገረውን ጽፏል። ስለ ጥምቀቱ ምን እንደሚያስብ ሲጠየቅ ጥምቀት አንዲት ናት ብሎ መለሰ። ንጉሡም ዝም አላሉም፤ ክርስትናቸውን ትተው እስልምናን ወይም የአይሁድን እምነት የያዙ፣ በኋላም የተጸጸቱ ሰዎች እንዴት ይመለሱ ብለው ጠየቁት። ክርክሩ ያለው እዚሁ ገጽ ላይ ነው። ንጉሡ ለሥርዓቱ ምክንያት እንዳላቸው፣ እንግዳውም ያንን ለመቀበል እንዳልቻለ አንባቢው ራሱ ያያል። እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቆማለሁ፤ የአልቫሬዝን ምስክርነት በአንድ በኩል፣ የእኛን ሊቃውንት «መታሰቢያ ነው፣ በረከት ነው» የሚለውን ትምህርት በሌላ በኩል።

ደግሞ ሌላ ነገር አስተውል። በ1520 ፖርቱጋሎችና ኢትዮጵያውያን ገናን ያከበሩት በአንድ ቀን ነው። ዛሬ አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት የግሪጎርዮስ ቀመር የመጣው በ1582 ነውና በዚያ ዘመን የእነሱ ዲሴምበር 25 የእኛ ታኅሣሥ 29 ነበር። ጥምቀትንም እንዲሁ፦ የእነሱ ጃንዋሪ 6 የእኛ ጥር 11። ሁለት የተለያዩ ገናዎች ባሉበት አገር ለሚያድጉት ልጆቻችን ይህን ማሳየት የምፈልገው ለዚህ ነው። «የእኛ ገና ለምን ዘገየ?» ለሚለው ጥያቄያቸው መልስ የሚሆነው እኛ ባለንበት መቆየታችን፣ ቀመሩን የቀየሩት እነሱ መሆናቸው ነው።

የመዛግብቱ ልጅ (አዲስ አበባ)

እህቴ ወለተ ሐና ያነሣችው የቀን ጉዳይ ለምትፈልጉ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ላስፋፋው። በቤተ መጻሕፍት ስሠራ ብዙ ተመራማሪ በዚህ ሲሳሳት አያለሁ።

የአውሮፓ ተጓዦች የዕለት ማስታወሻ ላይ ጥምቀትን ስትፈልጉ ጃንዋሪ 19ን ብቻ አትመልከቱ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ በየመቶ ዓመቱ ይሰፋል። በ1800ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 18 ነበር፤ ገናም ጃንዋሪ 6። ጄምስ ብሩስ በነበረበት በ1770 ገደማ ደግሞ ከዚያም አንድ ቀን ይቀድማል። ከ1900 ወዲህ ነው 7 እና 19 የሆነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ ገና ግን በ7 እንዲጸና ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር። ስለዚህ የ1936 ዓ.ም. ጋዜጣ ላይ የገናን ዜና ስትፈልጉ በታኅሣሥ 29 ስለማታገኙት «አልተከበረም» እንዳትሉ፤ ያም ዘመነ ዮሐንስ ነው።

ጋዜጣን በተመለከተ ሁለት መነሻ አለ። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም. የጀመረ ነው። «አዲስ ዘመን» ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጥራዞች አሏቸው። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩበት፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኝ ነው። ስትመጡ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ የወጡትን እትሞች ብቻ ጠይቁ፤ ዓመቱን ሙሉ ጥራዝ ማገላበጥ ወረቀቱንም ይጎዳል፣ ጊዜም ይፈጃል። ዜናውን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ማስታወቂያዎቹ ውረዱ። ሱቆች ለበዓል ምን ይሸጡ ነበር? የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቱ እንዴት ይጻፋል? ሥዕሉ ምን ይመስላል? ስለ ከተማው ሕዝብ በዓል ከዋናው ዜና ይልቅ ማስታወቂያው ይናገራል።

ሰሎሞን በላቸው

ማስታወቂያ ካነሳችሁ፣ ያ ጥድና ያ ቀይ ልብስ የለበሰው «የገና አባት» መቼ እንደ ገባብን የሚያውቅ አለ? ባህላችንን ያጠፋው እርሱ ነው። በኤግዚቢሽኑ ላይ እንዳይታይ እለምናለሁ።

የመዛግብቱ ልጅ (አዲስ አበባ)

ወንድም ሰሎሞን፣ በዚህ አልስማማም። ጥዱም የታሪካችን አካል ሆኗል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ጥጥ የተበተነበት ጥድ ሳያይ ያደገ ጥቂት ነው። እኛ የማንወደውን ነገር ካልመዘገብን፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ መቼና በማን እንደ ገባ ምንም አያገኝም። መፈለግ ያለበት በየዓመቱ የታኅሣሥ መጨረሻ ማስታወቂያዎችን ተከታትሎ በማየት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ተማሪ ቢገኝ እኔ ጥራዞቹን አወጣለታለሁ።

ብርሃኑ ዘአሽዶድ

ከእስራኤል ሰላም ብያለሁ። የእኛም የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ የስግድ በዓል ከዚህ ክር ጋር ይሄዳል ብዬ ነው የገባሁት። ከአስተስርዮ፣ ከአይሁድ የማስተስረያ ቀን፣ 50 ቀን ቆጥረን ነው የምናከብረው። አባቶቻችን በጎንደር አምቦበር ተራራ ላይ ወጥተው፣ ቄሶቹ ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ሕዝቡ እየጾመና እየሰገደ፣ በኋላም ወርደው ምግብ የሚቀምሱበት ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። በቴልአቪቭ ዩኒቨርሲቲ የያዕቆብ ፋይትሎቪች ስብስብ አለ፤ ስለ ቤተ እስራኤል የሚፈልግ ከዚያ ይጀምር። እኛ ዘንድ ያለው ችግር ከእናንተ ይለያል። የጸሎቱ ብዙው ክፍል በቄሶቹ ቃል ያለ ስለሆነ፣ ከወረቀቱ ይልቅ የድምፅ ቅጂው ነው የሚያስፈልገን። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነው፤ የሚቀዳ ሰው ይፈለጋል።

እመቤት ከለንደን

እኔ የማነሣው ያሳመመኝን ነው። ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች የሚገኙት እዚህ፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው ናቸው። ዊልያም ራይት በ1877 ያሳተመው ካታሎግ ዛሬም ለፈላጊው ዋና መሪ ነው። ላሊበላና ገና በአንድ ቀን ስለ መዋላቸው ስትጽፊ ገድለ ላሊበላን ሳታዪ አትለፊ፤ አንዱ ቅጂ በዚሁ ስብስብ 719 ቁጥር የያዘ ነው። ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን በ1892 ያሳተመው ከእርሱ ነው። ንቦቹ ሕፃኑን የከበቡበት ታሪክ እዚያ አለ።

በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒውተር ጥቃት ሲመታ፣ በዲጂታል የተነሡት ብራናዎቻችን ከኢንተርኔት ጠፍተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። በአገራችን ሊነበቡ የሚገባቸውን በለንደን በር ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ እርሱም ሲዘጋ ማየት ያስቆጫል። «ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይደለም። የምትጠቀሙበትን ገጽ ቁጥሩንና የቅጠሉን መለያ ጻፉ፤ ምስሉ ቢጠፋ እንኳ ፈላጊው ይከተለው ዘንድ።

የመንዝ ልጅ

የገና ጨዋታን የምታሳዩ ከሆነ እባካችሁ በትክክል አሳዩት። በእኛ አገር በትሩ እንዲሁ የተቆረጠ እንጨት አይደለም። ጫፉ የቆለመመ ቅርንጫፍ ከዛፉ ላይ እያለ ይመረጣል፤ በእሳት እየተለበለበ ይታረቃል፤ ቅባት እየተቀባ ይደርቃል። ጥንጉ ከሥር እንጨት ነው፤ ዘንድሮ የተጠረበ ለዓመቱ ይቀመጣል። አጥቢያ ከአጥቢያ ገጥሞ፣ ሽማግሌዎች ዳር ይዘው፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ይቀጥላል። ያሸነፈው ወገን የተሸናፊውን አለቃ በግጥም ያነሣዋል፤ ስድቡም ምስጋናውም ይፈቀዳል። ይህን የሚጽፍ ሰው ካለ አባቴ ይነግረዋል፤ ግጥሙን ሁሉ ያውቀዋል።

ወለተ ሐና (ሚኒሶታ)

ወንድሜ፣ አባትህ እስኪነግሩኝ አልጠብቅም፤ አንተው ቅዳ! በስልክህ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአባትህን ዕድሜና ግጥሙን የተማሩበትን አጥቢያ መጀመሪያ ላይ በድምፅ አስመዝግብ። ማርሴል ግሪዮል በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያወጣው እንዲሁ ሰው እየጠየቀ ነው። ባዕድ መጥቶ የጻፈውን እኛ ለምን አንጽፍም? ጋሽ ብርሃኑ ስለ ስግድ ያሉትም ለእኛ ይሠራል። የጠፋውን ብራና መልሰን ላናገኘው እንችላለን፤ በሕይወት ያሉትን አባት ግን ዛሬ ማታ መጠየቅ ይቻላል።

ናትናኤል (ሲያትል)

እኔ ግእዝ አላውቅም፤ አማርኛም የተማርኩት እዚሁ ነው። ያንን የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ከፍቼ ግራ ገባኝ። ርዕሶቹ በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት። ከየት ልጀምር?

መሪጌታ ዘጎንደር

ልጄ ናትናኤል፣ ከስንክሳር ጀምር። ድጓ ምልክት ስላለው ያስቸግርሃል፤ ስንክሳር ግን በወርና በቀን የተደረደረ ነውና መንገዱ ቀላል ነው። «ታኅሣሥ» የሚለውን ከቀይ ርዕስ ላይ ፈልግ፤ ቀኑን በግእዝ ቁጥር አንብብ፤ ፳ና ፱ን ካወቅህ ደረስህ። ከዚያ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ገልብጠህ ወደዚህ ላክ። እኔ ቃል በቃል እተረጉምልሃለሁ፤ በሳምንት አንድ ዐረፍተ ነገር ብንይዝ እስከ ጥምቀት ብዙ እንሄዳለን። መሳሳትህን አትፍራ፤ እኔም የተማርኩት በመምህሬ ፊት እየተሳሳትኩ ነው።

ናትናኤል (ሲያትል)

አመሰግናለሁ መሪጌታ። ፳፱ን አገኘሁት፤ ከርዕሱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው መስመር ግን በፊልሙ ላይ ደብዝዟል።

መሪጌታ ዘጎንደር

ቀይ ቀለም ነው፤ ያልኩት ያ ነው። የምስሉን ንጣት ቀንሰህ ንጽጽሩን ጨምርና እንደገና ተመልከት። ካልታየህ የብራናውን ቁጥርና የቅጠሉን ቁጥር ላክልኝ፤ እኔም ከዚህ እከፍተዋለሁ።

ወለተ ሐና (ሚኒሶታ)

ናትናኤል፣ ያንኑ ቁጥር ለእኔም ላክልኝ። ያ ገጽ በግድግዳው መካከል ይሆናል፤ ከጎኑ የመሪጌታን ትርጓሜ፣ ከሥሩ ደግሞ የአንተን ስም እጽፋለሁ። ዳዊት፣ የአልቫሬዝን ክፍል ረቂቅ ዛሬ ማታ አደርሰዋለሁ፤ የንጉሡን ጥያቄ ሳላሳጥር አስገብቼዋለሁና አንብበህ ያልተስማማህበትን ምልክት አድርግልኝ። የእመቤትን ምክር ተከትዬ በየምስሉ ሥር የቤተ መጻሕፍቱን ስምና የብራናውን ቁጥር አኖራለሁ። የመዛግብቱ ልጅ፣ የጥዱን ማስታወቂያ ካገኘህ አንድ ቅጂ ይዘህልኝ ቆይ፤ ሰሎሞን ቢቆጣም ቦታ አስቀምጬለታለሁ።